የሁለት ሻኛ ግመሎች ክስ

ሰው በመሬት ይካሰሳል። በውርስ ይካሰሳል፤ በሚስትም ይካሰሳል። እኔ ግን አውራ ጣት በምታክል የእንጨት ግመል ተከስሼ ዛፍ ሥር የቆምኩ ሰው ነኝ። ያውም ሁለት ሻኛ ባላት ግመል! ይኸው እስከ ዛሬ ድንጋጤው አልለቀቀኝም። ሥራ ላይ ሆኜ ድንገት ትዝ ይለኝና "በጨዋታ! በጨዋታ እኮ ነው!" ብዬ እጮኻለሁ። ወንበሩ ላይ ያለው ደንበኛ ይዘላል። ምላጭ በእጄ ነው፤ እሱስ ምን ያድርግ?

ነገሩ የሆነው ሐርጌሳ ከጦርነቱ በኋላ ጣራዋን መልሳ በምትከድንበት ዘመን ነው። በየመንገዱ ሲሚንቶ ይቦካል፤ ከየአገሩ የተሰደደው ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ይመለሳል። እኔ ደግሞ ከደብረ ሲና ተነሥቼ፣ ፀጉር የሌለበት አገር የለም ብዬ፣ መቀስና ማበጠሪያ ይዤ ሄድኩና ኮድቡር ሰፈር ፀጉር ቤት ከፈትኩ። ወንበሩና መስተዋቱ የኔ ናቸው። ግድግዳው፣ ጣራው፣ በሩ፣ እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ እኔም ራሴ፣ የሐጂ ዋርሳሜ ነን።

ይህን ላስረዳ። በዚያ አገር እንግዳ ሰው ያለ አባን አይኖርም። አባን ማለት እንግዳውን አስጠግቶ፣ "ይህን ሰው የነካ እኔን ነካ" ብሎ በሰው ፊት የሚናገርለት የአገሬው ሰው ነው። የኔ አባን ሐጂ ነበሩ። ድሬዳዋ ብዙ ዓመት ነግደዋል፤ አማርኛቸው ከኔ ይሻላል፤ በተለይ ሲሳደቡ ቅኔ የተቀኙ ይመስላሉ። ታይፎይድ ይዞኝ የተኛሁ ጊዜ የግመል ወተት በቴርሞስ ይዘው ደጃፌ ላይ ተቀምጠው፣ "ይህ ሐበሻ ሞቶ ጺሜን ማን ያስተካክልልኛል?" እያሉ ሲነጫነጩ የከረሙ ሰው ናቸው። እወዳቸዋለሁ። ይህ መጀመሪያ ይታወቅልኝ።

የሐጂ ጓደኞች ከሰዓት በኋላ ፀጉር ቤቴ ጥላ ሥር ይሰበሰባሉ። መሬት ላይ መስመር ያሰምሩና በጠጠር ሻሕ የሚባለውን የሶማሌ ጨዋታ ይጫወታሉ። ሁለት ሰው ይጫወታል፤ ቆሞ የሚያየው ሁሉ ይሟገታል። እኔ አልገባም ነበር። ምክንያቱ ንቀት ነው። ደብረ ሲና ሳለሁ በዳማ የሚረታኝ አልነበረም። እርግጥ አብረውኝ የሚጫወቱት የአክስቴ ልጆች ነበሩ፤ ትንሹም የምንጫወትበትን ቆርኪ ያኝክብኝ ነበር። ቢሆንም ማሸነፍ ማሸነፍ ነው።

አንድ ቀን ሊባን መጣ። ሊባን የሐጂ እህት ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ተሰዶ ብርድ አገር አድጎ፣ መሐንዲስ ሆኖ፣ ከተማዬን ልሥራ ብሎ የተመለሰ ጎልማሳ። በብብቱ ትልቅ ካርቶን ይዟል። "አብቲ፣ ጨዋታ ላሳያችሁ" አለ። አብቲ አጎቴ ማለቱ ነው። ካርቶኑን ሲከፍተው ጉድ ፈላ። የተጣጠፈ ካርታ፣ ባለ ቀለም እንጨት፣ ገመድ የሚመስል መንገድ፣ የሠርግ አልበም የሚያክል የመመሪያ መጽሐፍ። ጨዋታው ስለ ሲራራ ነጋዴዎች ነው፤ ግመል ጭኖ በረሃ አቋርጦ ወደብ መድረስ።

ሐጂ አንዷን የእንጨት ግመል አነሡና በመነጽራቸው አዩ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ግመል ነው፣ አብቲ።"

"ምን ሆኖ?"

ጨዋታው እዚያ ላይ ቆመ። ግመሏ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። አንዱ ሽማግሌ ሁለተኛው ሻኛ እባጭ ነው አለ። ሌላው፣ እንዲህ ያለ ግመል የሚሸጥ ሰው አላህን አይፈራም አለ። ሊባን በእስያ እንዲህ ያለ ግመል አለ ብሎ ቢምል የሚሰማው ጠፋ። በመጨረሻ የፊተኛው ሻኛ ነው፣ የኋለኛው ጭነት ነው ተብሎ በስምምነት ታለፈ።

ለመጫወት አራት ሆነን ተቀመጥን፤ ሐጂ፣ ሊባን፣ ሁለተኛው ወንበር ላይ አብሮኝ የሚሠራው የኮምቦልቻው ሰይድ፣ እና እኔ። እኔን ማን ጠራኝ? ማንም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ሊባን ሕጉን ከእንግሊዝኛ ወደ ሶማሊኛ እየመለሰ ያነብልናል። እኔም በፀጉር ቤት ሶማሊኛዬ እከተላለሁ። አሁን ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። የዓስር ሶላት አዛን ተባለ። ሐጂ ተነሡ፤ ሰይድ ተነሣ፤ ተመልካቹም ተነሣ። እኔ ክርስቲያን ነኝና ቀረሁ። ሊባን፣ "ትንሽ ናት የቀረችኝ፤ ጨርሼ እደርሳለሁ" ብሎ ለኔ ብቻ አነበበልኝ።

"ተጫዋቾች የፈለጉትን መስማማት ይችላሉ። ስምምነቱ ግን አያስገድድም።"

"አያስገድድም ማለት?"

"ብትፈልግ ታፈርሰዋለህ ማለት ነው" አለና መጽሐፉን ከድኖ ወደ መስጊድ ሮጠ።

ሲመለሱ የነገራቸው የለም። ሊባን ረሳው። እኔስ? እኔ ምን ብዬ ልንገራቸው? መምህሩ ሊባን እያለ!

ጨዋታው ተጀመረ። ሐጂ በረሃ ያውቃሉና ሳይውሉ ሳያድሩ ጉድጓዱን ያዙት። ካርታው ላይ ያለው ውሃ በሙሉ የሳቸው ሆነ። እኔ ደግሞ፣ በዕድል ነው፣ ወደ ወደቡ የሚያሳልፈውን የተራራ በር ያዝኩ። ግመሎቼ ሊሞቱ ደርሰዋል። ሐጂ አዩኝና አዘኑልኝ።

"ግመሎችህ ከጉድጓዴ ይጠጡ" አሉ። "አንተ ደግሞ እኔ ሳልፍ በሩን አትዝጋብኝ። ቃልህ ነው?"

"ቃሌ ነው፣ ሐጂ።"

እጄን ይዘው ወደ ሰዉ ዞሩና በሶማሊኛ ደገሙት። ተመልካቹ በሙሉ "ሰምተናል" አለ። እኔ የጨዋታው ወግ መስሎኝ ፈገግ አልኩ።

ግመሎቼ ጠጡ። የሐጂ ግመሎች ተጭነው ተራራው ሥር ደረሱ። ተራዬ መጣ። በር የምትዘጋውን ጥቁር እንጨት አነሣሁና በሩ ላይ ጋደም አደረግኳት።

"ዘጋሁ!"

ሊባን መጽሐፉን አየና የሐጂን ግመሎች አንድ በአንድ እየለቀመ ወደ ካርቶኑ መመለስ ጀመረ።

"ምን እያደረግህ ነው?" አሉ ሐጂ።

"መውጫ አጥተው በውሃ ጥም ሞቱ፣ አብቲ።"

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ለሞተ እንደሚባለው ቀስ ብሎ "ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለ። እኔ አሸንፌያለሁ! ተነሥቼ አጨበጨብኩ፤ እንዲያውም ትከሻዬን ነቅነቅ ነቅነቅ ሳላደርግ አልቀረሁም። ከዚያ ብቻዬን እንደሆንኩ ገባኝ። ሰዉ እኔን አያይም፤ መሬት መሬት ያያል። ሐጂ አልተቆጡም። ምነው ተቆጥተው በነበር! ከዘራቸውን አነሡና፣ "ውሃዬን ጠጥተው ነው እኮ" አሉ። ይህችን ብቻ ብለው ሄዱ።

በማግስቱ የመጀመሪያው ደንበኛ ፊቱን አረፋ ቀብቼው፣ ምላጬን ወደ አንገቱ ሳስጠጋ በመስተዋቱ አየኝ።

"በሐጂ ላይ በሩን የዘጋኸው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ፤ ግን ጨዋታ..."

ነገሬን አልጨረስኩም። ሰውዬው ከነአረፋው፣ ከነፎጣዬ ወጥቶ ሄደ። ከበር ላይ ዞሮ፣ "ቃሉን የበላ ሰው ምላጭ ይዞ አንገቴ ላይ አይቆምም" አለ። ፎጣዬ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ የመጣ የለም። ሰይድ ለሻይ ወጣ ብሎ ራሱን ይዞ ተመለሰ። "ወላሂ አልቆልሃል! 31 ሜይ ሰፈር ድረስ ተሰምቷል" አለኝ።

ወሬ መቼም ሲሄድ ባዶ እጁን አይሄድም። ግመሎቹ ኮድቡር ውስጥ የእንጨት ነበሩ። 31 ሜይ ሲደርሱ ሥጋ ለበሱ። ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ሲደርሱ ደግሞ እርጉዝ ሆነው ተገኙ። "አንድ ሐበሻ የሐጂን እርጉዝ ግመሎች ውሃ ከልክሎ ፈጃቸው" ተባለ። ከሰዓት በኋላ አንድ የገጠር ሰው መጣና፣ በትሕትና፣ ቆዳቸው የት እንዳለ ጠየቀኝ። ሊገዛ ነው! ካርቶን ውስጥ ናቸው ብዬ ነገርኩት። ያን ያህል ግመል በካርቶን መክተቴን ሲሰማ የባሰ ፈራኝ።

ሐጂ በዚያ ቀን ለሻይ አልመጡም፤ በማግስቱም አልመጡም። በምትካቸው ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። ሐጂ እጃቸውን ከኔ ላይ ሊያነሡ እንዳሰቡ፣ ከዚያ በፊት ግን ነገሩ ዛፍ ሥር እንዲታይ እንደጠየቁ ነገሩኝ። አባኑ የተወው እንግዳ በር የሌለው ቤት ማለት ነው። ሱቁስ ይሂድ፤ መቀስ ያለው ሰው የትም ይበላል። ያን ቴርሞስ ይዘው ደጃፌ ላይ የተቀመጡ ሰው ግን ፊታቸውን አዙረውብኝ የት እሄዳለሁ? ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ዛፉ ሥር የተቀመጡት ሽማግሌዎች አለቃ አው ሙሴ ይባላሉ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ጆሯቸው ግን የጉንዳን እርምጃ ይሰማል ይባላል። ሐጂ ተነሥተው ክሳቸውን አሰሙ። ከዚያ ወደኔ ዞሩና በአማርኛ፣ "የእናንተ አገር ሰው ምን ይላል? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ አይደል የሚለው? ወይስ ድሬዳዋ ያሉት ሐበሾች ዋሽተውኝ ነው?" አሉኝ። በራሴ ምሳሌ መገረፍ!

ሊባን ለምስክርነት ተጠራ። መመሪያውን ገልጦ፣ "ስምምነቱ አያስገድድም" የሚለውን አነበበ። ዛፉ ሥር ጉርምርምታ ሆነ።

"ይህን ሕግ ማን ደነገገው?" አሉ አው ሙሴ።

"አንድ የፈረንጅ ባለሙያ ነው።"

"ከነማን ጋር ተቀምጦ?"

"ብቻውን... ቤቱ ሆኖ ይመስለኛል።"

"ብቻውን!" አሉ አው ሙሴ። እንዲህ የደነገጠ ዳኛ አይቼ አላውቅም። ከዚያ፣ "ይህ ሲነበብ ሐጂ የት ነበር?" ሲሉ ጠየቁ።

ሊባን አንገቱን ደፋ። "ሶላት ላይ።"

አሁን ሰዉ በሙሉ ወደ ሊባን ዞረ። ሰው ሶላት ላይ ሳለ ሕግ ይነበባል? ሰው ሲሰግድ የሚነበብ ሕግ ምን ዓይነት ሕግ ነው? ሊባን ቀላ፣ ጠቆረ። እኔ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ትንሽ ተንፈስ አልኩ።

አው ሙሴ ፈረዱ። ጨዋታው ይደገም። ሕጉ ሁሉም ባለበት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይነበብ። ከዚያ በኋላ የፀጉር ቆራጩ ነገር ይታያል። ለጉዳዩ መነሻ የሆኑት ግመሎች ግን ፍርዱ እስኪያልቅ በሽማግሌዎች እጅ ይቆያሉ። ግመሎቹ በእግድ ተያዙ! በአው ሙሴ ሽርጥ ጫፍ ተቋጥረው ሲሄዱ በዓይኔ አየሁ።

"ታዲያ በምን እንጫወት?" ብለው ሐጂ ሲጠይቁ ሊባን ሊክስ ፈልጎ፣ "ይኸው ጨዋታ በኮምፒዩተር አለ" አለ። ነገር ሊያበርድ የመጣ ሰው ጋዝ ይዞ ይመጣል የምለው ለዚህ ነው።

ኮምፒዩተሩ መብራት ይፈልጋልና ሸንጎው በሙሉ ፀጉር ቤቴ ገባ። ሽማግሌዎቹ ተደራርበው ቆሙ፤ አው ሙሴን ደንበኛ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ አስቀመጥናቸው። ሊባን ሕጉን በሙሉ አነበበ። እያንዳንዱ አንቀጽ ላይ ቆሞ፣ "ሁሉም አለ? የወጣ የለም?" እያለ ይጠይቃል። ከዚያ ማሽኑ ተከፈተ። ያው ካርታ፣ ያው ተራራ፤ ግመሎቹ ግን ይራመዳሉ፤ ይጮኻሉም። ሻኛቸው አሁንም ሁለት ነው። "ጭነታቸውን ሳያራግፉ ነው የሚውሉት?" ያለ ሰው ነበር።

የተጫወትነው ሐጂ፣ እኔ፣ እና ማሽኑ ነን። ማሽኑ ለብቻው አንድ ነጋዴ ሆኖ ራሱ ያስባል፤ ራሱ ይዋዋላል። ገና ከጅምሩ በኮምፒዩተሩ ሰሌዳ ላይ፣ "ሰላም እንሁን፤ መንገድህን አልነካም" የሚል ጽሑፍ አወጣ። ሊባን ተረጎመላቸው። ሐጂ ማውሱን እንደ ማኅተም ወደ ላይ አንሥተው ጠረጴዛው ላይ መቱና ተስማሙ። ማሽኑ ወዲያው መንገዱን ዘጋ።

ፀጉር ቤቱ ተናወጠ።

"ምን ሆነ? ምን ሆነ?" አሉ አው ሙሴ።

"ቃሉን በላ!" አለ ሕዝቡ።

"ማን ነው እሱ? የማን ወገን ነው?"

"ወገን የለውም፤ ፕሮግራም ነው" አለ ሊባን።

"ወገን ከሌለው እንግዳ ነው። አባኑ ማን ነው?"

ከዚያ የሁሉም ዓይን ቀስ በቀስ ሊባን ላይ አረፈ። ይዞት የመጣ እሱ ነው፤ ያስገባው እሱ ነው። "እኔ?" አለ ሊባን፤ ድምፁ እንደ ዶሮ ቀጠነ። አው ሙሴ ግን ለማሽኑ ጥፋት ሊባን እንዲጠየቅ ወሰኑና ጨዋታው ይቀጥል አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከኔ የባሰ ሰው በቤቱ ውስጥ በመገኘቱ ደስ አለኝ።

የተራራው በር ዳግመኛ እጄ ገብቷል፤ ግን ተጠንቅቄ ነበር፤ እንዴት ያለ ጥንቃቄ! ሐጂ ሲያልፉ በሩን እከፍታለሁ፤ ማሽኑ ሲያልፍም እከፍታለሁ። ያልተጠየቅሁትን ሁሉ ቃል እሰጣለሁ፤ የሰጠሁትንም እፈጽማለሁ። ሰይድ በጆሮዬ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ጨዋታ ነው ሶደቃ?" ይለኛል። መጨረሻ ላይ ግመሎቼ ጥም ያዛቸው። ወደቡ ቅርብ ነው፤ በመሐል የሐጂ ጉድጓድ አለ። ሐጂ አዩኝ፤ እንደዚያ ቀን አዘኑልኝ።

"ና፣ ጠጣ። በሩን ክፈትልኝና ውሃው የጋራችን ነው" አሉ፤ እጄንም ያዙ።

ዓይኔ እንባ አቀረረ። ታረቅን ማለት ነው! በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ። የሐጂ ግመሎች እየጮኹ አለፉ። የኔዎቹ ወደ ጉድጓዱ አመሩ። ሐጂ ማውሱን አነሡ፤ ጠረጴዛውን መቱ።

"ዘጋሁ" አሉ።

ግመሎቼ በሰሌዳው ላይ አንድ በአንድ ተንበረከኩ፤ ከዚያ ጠፉ። ሐጂ ወደብ ገቡ። ማሽኑ ሙዚቃ አሰማ።

አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት የተባለው ለኔ ነው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሕዝቡም አፉን ከፍቶ ቀረ። አሁን ሁሉም እኔን ያያል። ሐጂ! ሐጂ ዋርሳሜ! በሽማግሌ ፊት! ደሜ ፈላ።

ሐጂ ተረጋግተው ጠየቁኝ። "ሕጉ ሲነበብ የት ነበርክ?"

"እዚሁ።"

"ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ።"

"እኔስ ያን ቀን የት ነበርኩ?"

"ሶላት ላይ" አልኩ።

"በቃ" አሉ። አው ሙሴ አግዳሚው ላይ ሆነው አንገታቸውን ነቀነቁ።

ሐጂ ከኮምፒዩተሩ ተነሡና ወንበሬ ላይ ሄደው ተቀመጡ። ኮፊያቸውን አወለቁ። በሂና የቀላ ጺማቸውን ወደ ጣራው ቀና አድርገው ያን የተሸበሸበ አንገታቸውን ሰጡኝ።

"ስንት ቀን ሆነው፤ የበግ ጅራት መሰለ እኮ" አሉ። "አስተካክልልኝ።"

አሁን፣ አሁን የከዱኝ ሰው! ምላጩን አነሣሁ። ሸንጎው በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ። አው ሙሴ፣ "አሁን ምን እየሆነ ነው?" ብለው ጠየቁ። የሐጂ አንገት ንቅንቅ አላለም። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። በቀኝ በኩል ጀመርኩ። ምላጩ ሲሄድ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነበር። ከኋላዬ አንድ ሰው ቀስ ብሎ አግዳሚው ላይ ተራ ያዘ፤ ከሱ ቀጥሎ ሌላ።

ግማሹን እንደ ጨረስኩ አዛን ተባለ። ሐጂ ዓይናቸውን ገለጡና ተነሡ፤ በአንድ በኩል ተከርክመው፣ በሌላው በኩል እንደ ጎፈሩ፣ ፎጣዬን አንገታቸው ላይ እንዳደረጉ ወደ መስጊድ አመሩ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ቆም አሉ፤ ከዘራቸውንም ወደ ሊባን ቀሰሩ።

"እስክመለስ ድረስ" አሉ፣ "ማንም ሰው ምንም ነገር እንዳያነብ!"